በቆሎ የሚቀልብ ፈንገስ በጆንያ

የተሸወድኩት ካቻምና ነው። አንድ ሱቅ ውስጥ የአፈር ባክቴሪያ ነው የተባለ እሽግ አየሁና ገዛሁ። የበቆሎ ዘሬን በስኳር ውሃ አርሼ፣ በጥቁሩ ዱቄት ለውሼ ዘራሁ። ምንም የለም! ለካ ራይዞቢየም ነበር፣ የባቄላ። ባቄላ ሥር ላይ እባጭ ሠርቶ ናይትሮጅን ከአየር ይይዛል፤ በቆሎ ላይ ግን እባጭ አይሠራም። እሽጉ ላይ ተጽፏል፣ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ለበቆሎ የሚሆነው እንደ አዞስፒሪለም ያለው ባክቴሪያ ነው። እሱን ካገኛችሁ ዘሩን ጥላ ሥር ለውሳችሁ በዚያው ቀን ዝሩ፤ ፀሐይ ይገድለዋል።

እኔ ግን ወደ ፈንገሱ ዞርኩ። ማሳችን ዘንዘልማ በኩል ነው፣ ከባሕር ዳር አባይን ተሻግሮ። የእኛ ቁራሽ አሲዳማ ቀይ አፈር ነው፤ እንዲህ ያለ አፈር ደግሞ ፎስፈረስን ጨምድዶ ይይዛል። ማይኮራይዛ የሚባለው ፈንገስ ሥሩ ውስጥ ገብቶ፣ ከፀጉር የቀጠነ ክሩን አፈሩ ውስጥ ይዘረጋና ሥር ከማይደርስበት ፎስፈረስ ለቅሞ ያመጣል። በቆሎው በስኳር ይከፍለዋል። ሕያው ሥር ከሌለ ስለማይራባ በጠርሙስ ልታፈሉት አትችሉም።

ጥር ላይ ጀመርኩ። እርሾ የሚሆነውን አፈር ከቤተ ክርስቲያን ደን ላመጣ ስል እናቴ ሰማች። «የደብሩን አፈር? ተው አንተ ልጅ!» ደግ አደረገች። ከገዛ ማሳችን ድንበር፣ ለዓመታት ካልታረሰው ሣር ሥር ቆፈርኩ፤ ፈንገሱ አፈራችንን የለመደ ነው። አንድ ስንዝር ያህል ቆፍራችሁ ቀጫጭኑን ሥር ጭምር ውሰዱ።

ግማሽ ቀይ አፈር፣ ግማሽ አሸዋ ደባልቄ በርሜል ላይ በእንፋሎት አበሰልኩ፤ በሽታውና የአረሙ ዘር እንዲሞት። ሲቀዘቅዝ ታቹን በሸነቆርኩት ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ሞላሁት። (እኛ አገር ከረጢቱም «ማዳበሪያ» ነው የሚባለው።) ከላይ ሁለት ጣት ያህል ሲቀረው እርሾውን አነጠፍኩ፣ ማሽላና ሽንኩርት ዘራሁበት፣ በስሱ አለበስኩት። ኤንፒኤስም (ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ ነው) ኮምፖስትም አልጨመርኩም። ፎስፈረስ የጠገበ ተክል ፈንገሱን አይፈልገውም። ማሽላው ይገረጣል፣ ጎረቤት ይስቃል። ይሳቅ።

ሦስት ወር ከምናምን ውሃ አጠጣሁ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ከለከልኩት፤ ተክሉ ሲደርቅ ፈንገሱ ዘር የሚሆነውን ስፖር ይተዋል። አገዳውን አጭጄ፣ ሥሩን በመጥረቢያ ከትፌ ከአሸዋው ጋር ቀላቀልኩ።

ዝናቡ ሲይዝ በ75 ሴንቲ ሜትር መስመር፣ በ30 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ጉድጓድ አወጣሁ። በየጉድጓዱ ከድብልቁ ግማሽ እፍኝ፣ ዘሩ ከላዩ። ሥሩ ሲወርድ በውስጡ ማለፍ አለበት፤ ላይ ላዩን መበተን ልፋት ነው። ኤንፒኤሱን በግማሽ ቀነስኩ። ዩሪያውን አልነካሁም፣ ፈንገሱ ናይትሮጅንን አይተካምና።

ሦስት መስመር ያለ ፈንገስ ተውኩ። እናንተም ተዉ፤ አለዚያ የዝናቡን ሥራ ለፈንገሱ ትሰጣላችሁ። በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ የሦስቱ መስመር ቅጠል ጠርዙ ሐምራዊ ሆነ፤ የፎስፈረስ ረሃብ ምልክት ነው። ሌላው አረንጓዴ ነበር። እውነቱን ለመናገር ነሐሴ ላይ ልዩነቱ ጠበበ። ጎልቶ የቀረው ከበቆሎው በፊት ግብጦ በነበረበት በኩል ነው። ግብጦ ናይትሮጅን ቢሰጥም ይህን ፈንገስ አያስጠጋም፤ ጎመንዘርም እንደዚያው። ከነሱ ቀጥሎ የምትዘሩ ከሆነ እርሾው የበለጠ ያስፈልጋችኋል። ፎገራ ሩዝ የሚዘራ ዘመዴ ስጠኝ ብሎኝ ነበር፤ ውሃ በተኛበት ማሳ ላይ ፈንገሱ ስለሚዳከም አትልፋ አልኩት።

ዘንድሮ አምስት ጆንያ አለኝ። አራት ልበል እንጂ፤ የአንዱን ሽንኩርት እናቴ ሳይደርቅ ነቅላ ወጥ ሠርታበታለች።