ማስኪው እየመታ ለምን ይስተኝ ነበር?

አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ፣ ሚኒቶንካ ሐይቅ ላይ ማስኪ የሚባለውን ትልቅ አዳኝ ዓሣ አጠምዳለሁ። ሐምሌን ሙሉ አንድ ነገር ሲያንገበግበኝ ከረመ። ዓሣው ውኃውን ሰንጥቆ ወጥቶ ተንሳፋፊውን ሰው ሠራሽ ማባበያ ይመታል፤ እኔ ግን ባዶ መንጠቆ እጎትታለሁ።

መጀመሪያ በመንጠቆው አሳበብኩ። ሞረድኩት፤ ለውጥ የለም። ለካ ችግሩ እጄ ነው። ውኃው ሲፈነዳ እደነግጥና ዘንጉን ወዲያው እመነጭቃለሁ። ዓሣው በደንብ ሳይነክሰው ከአፉ እነጥቀዋለሁ ማለት ነው።

አሁን ድምፁን ብሰማም ክሩን መጠቅለል አላቆምም፤ ፍጥነቴንም አልቀይርም። የዓሣው ክብደት እጄ ላይ ሲያርፍ ብቻ ዘንጉን ወደ ጎን አጥብቄ እስባለሁ። ልብ ይጠይቃል!

ማባበያውንም ቀየርኩ። ግራ ቀኝ የሚወዛወዘውን ትቼ ጅራቱ እየተሽከረከረ የሚንቦጫረቀውን ያዝኩ። ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ዓሣው ብዙም አይስተውም። ድምፁ ከተቀየረ ጅራቱ ላይ ሣር ተጠምጥሟል፤ ቶሎ አውጥቶ ማጽዳት ነው።

ማባበያው ጀልባው ጋ ሲደርስም ወዲያው ከውኃው አላወጣውም። የዘንጉን ጫፍ ዝቅ አድርጌ ውኃው ውስጥ በማባበያው ሰፊ የስምንት ቁጥር እሠራለሁ፤ ተከትሎት የመጣ ዓሣ ካለ እንዲመታው ነው። ነሐሴ ላይ፣ ሊመሽ ሲል፣ አንዱ እዚያው አጠገቤ ያዘ። ጠበቅኩ። ከበደኝ። ሳብኩ። እዚህ 54 ኢንች ያልሞላ ማስኪ አይወሰድም፤ ቢሞላም እለቀው ነበር።