ባርኮድ ስካነር አልሰራ ሲል፦ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት ኖትፓድ ክፈቱ

ባህር ዳር ላይ አሁን ሚኒ ማርኬቱም ፋርማሲውም የሞባይል እቃ መሸጫውም ባርኮድ ስካነር እያስገባ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ግን «ተበላሸብኝ ድረስልኝ» ተብዬ ስሄድ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ምንም አልሆነም፣ ሴቲንጉ ነው። አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፦ በዩኤስቢ የሚሰካ ስካነር ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ ሲወጣ ለኮምፒውተሩ «ኪቦርድ ነኝ» ብሎ ነው የሚቀርበው። ያነበበውን ቁጥር ይተይባል፣ በቃ። የእቃውን ስም አያውቅም፣ ዋጋም አያውቅም፣ እሱ የፕሮግራሙ ስራ ነው። «ስካን ሳደርግ የተሳሳተ ዋጋ አመጣ» የምትሉ ስካነሩን ተዉትና እቃውን የመዘገበውን ልጅ ጠይቁት።

ስለዚህ ምርመራው ሁሌም ከኖትፓድ፣ ዊንዶውስ ላይ ካለችው ባዶ መፃፊያ፣ ይጀምራል። የሽያጭ ፕሮግራሙን ወደ ጎን አድርጉና ኖትፓድ ክፈቱ፣ ውስጡን ክሊክ አድርጉና አንድ ሳሙና ስካን አድርጉ። ሳሙናው ላይ ከመስመሮቹ ስር የታተመው ቁጥር እንዳለ ከተፃፈ ስካነሩ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ፕሮግራሙ ጋ ነው፣ ወይ ከርሰሩ (ብልጭ የምትለው የመፃፊያ መስመር) ትክክለኛው ሳጥን ውስጥ አልነበረም። ካልተፃፈ ደግሞ ወደ ታች እንቀጥል።

«ጭራሽ አይበራም» ወይም «ይበራል ይጠፋል»

ይሄ የኃይል ጉዳይ ነው። ስካነሩን፣ ፕሪንተሩን፣ ማውሱን፣ ላዩ ላይ ደግሞ የስልክ ቻርጀር በአንድ ርካሽ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ደርድራችሁ ብርሃኑን ስታስነሱት ይሞታል። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ያለው ፖርት ላይ በቀጥታ ሰኩት። ረጅም ማራዘሚያ ገመድም አውጡለት።

«ጢጥ ይላል ግን ምንም አይፅፍም»

ጢጥ ካለ ኮዱን አንብቦታል፣ የሚልክበት መንገድ ነው የተሳሳተው። ገመድ ያለው ከሆነ አንድ ሰው ሳያውቅ ከኪቦርድ ሞድ ወደ ኮም ፖርት ሞድ ቀይሮት ይሆናል፣ ማለትም መተየቡን ትቶ ቁጥሩን በሌላ መስመር ይልካል። ዲቫይስ ማኔጀር (ዊንዶውስ የተሰኩትን እቃዎች የሚዘረዝርበት) ክፈቱ፣ ሲሰካ ኪቦርዶች ስር ሳይሆን ፖርቶች ስር ብቅ ካለ እሱ ነው። ከስካነሩ ጋር በካርቶኑ የመጣው ማኑዋል ላይ «ዩኤስቢ ኪቦርድ» የሚለውን ኮድ ስካን ታደርጋላችሁ፣ ነቅላችሁ ትሰካላችሁ፣ አለቀ። ገመድ አልባ ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገር ጠርጥሩ፦ ወይ ከዶንግሉ (ኮምፒውተሩ ላይ ከሚሰካው ትንሽ መቀበያ) ጋር ተለያይቷል፣ እንደገና ማጣመር ነው፣ ወይ ኢንቬንተሪ ሞድ ላይ ነው፣ ማለትም ያነበበውን ሆዱ ውስጥ እያጠራቀመ ነው። ይሄኛው ለስቶክ ቆጠራ ቆንጆ ነገር ነው፣ ካሸር ላይ ግን ሰልፍ ያስይዛል።

«ሳሙናውን ያነባል፣ መድሃኒቱ ላይ ግን ፊደል ያበላሻል»

ይሄኛው የኛ አገር በሽታ ነው፣ ረዘም አድርጌ ላስረዳ። ስካነሩ ኪቦርድ ነው ብለናል አይደል፣ እንግዲህ ኮምፒውተሩ ላይ ፓወር ግዕዝ ወይም ኪይማን ወይም የዊንዶውሱ አማርኛ በርቶ ከሆነ እሱም በአማርኛ ነው የሚተይበው። ቁጥር ብዙ ጊዜ ሳይነካ ስለሚያልፍ ሳሙናው፣ ብስኩቱ፣ ለስላሳው በሰላም ያልፋል፣ ምክንያቱም የሱቅ እቃ ባርኮድ ቁጥር ብቻ ነው፣ ብዙ ጊዜ 13፣ ፊደል የለውም። ፊደል የተቀላቀለበት ኮድ ሲመጣ ነው ጉዱ የሚፈላው፣ የመድሃኒት ባች ቁጥር (የተመረተበት ዙር መለያ)፣ የላይብረሪ መፅሀፍ፣ የላፕቶፕ ሴሪያል፣ የእንግሊዝኛው «B» መሆን የነበረበት «ብ» ሆኖ ቁጭ ይላል፣ ፕሮግራሙም «እንዲህ የሚባል እቃ የለም» ይላል። ጠዋት ሰርቶ ከሰአት እምቢ ካለም አትገረሙ፣ መሀል ላይ አንድ ሰው በአማርኛ ደብዳቤ ፅፎበት ሄዷል ማለት ነው። መፍትሄው አማርኛውን ማጥፋት ወይ በዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ነው። የኔ ምክር ግን ካሸር ኮምፒውተር ላይ አማርኛ መፃፊያ ጭራሽ አትጫኑ፣ ደብዳቤው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይፃፍ።

ትልቁ ፊደል ትንሽ፣ ትንሹ ትልቅ እየሆነ ከመጣ ካፕስ ሎክ በርቷል። በቁጥር ፋንታ የማይገባ ምልክት ብቻ ከመጣ ደግሞ ስካነሩ ወይ ኮምፒውተሩ ወደ ፈረንሳይ ኪቦርድ ዞሯል፣ እዛ ቁጥር የሚፃፈው በሺፍት ስለሆነ ነው፣ ሁለቱንም ወደ አሜሪካ እንግሊዝኛ መልሱ።

«ያነባል ግን ኤንተር በእጅ መምታት አለብኝ»

ስካነሩ ከቁጥሩ ቀጥሎ ኤንተር እንዲልክ አልታዘዘም። ማኑዋሉ ላይ «ኤንተር ጨምር» የሚል ኮድ አለ፣ እሱን አስነብቡት። ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን እንዲሄድ ከፈለጋችሁ ታብ የሚለውን።

እግረ መንገዴን ስለዚህ ማኑዋል ልናገር፣ ሰው ካርቶኑን ሲከፍት መጀመሪያ የሚጥለው እሷን ወረቀት ነውና። አብዛኛው ስካነር የሴቲንግ ቁልፍም ስክሪንም የለውም፣ በዋናነት የሚታዘዘው በባርኮድ ነው። ብዙው ሞዴል «ሴቲንግ ግባ»፣ ቀጥሎ የምትፈልጉትን፣ ከዛ «አስቀምጥና ውጣ» በሚል ቅደም ተከተል ይሰራል፣ አንዳንዱ በአንድ ኮድ ይጨርሳል። የመጨረሻውን ዘላችሁ ከሆነ ሴቲንጉ ሳይቀመጥ ቀርቶ መብራት ሄዶ ሲመጣ ወደ ድሮው ይመለሳል፣ ከዛ «መብራቱ ነው ያበላሸው» ትላላችሁ። ገፁ ላይ ኮዶቹ ተጠጋግተው ስለሚታተሙ የማትፈልጉትን በመዳፋችሁ ሸፍኑ ወይ ወረቀቱን እጠፉት፣ በተለይ ካሜራ ያለው ስካነር ከጎን ያለውን ይለቅምና ሌላ መዘዝ ያመጣል። ምኑም ካልገባችሁ «ፋብሪካ ሪሴት» አስነብቡትና ከዜሮ ጀምሩ። ከቴሌግራም ያወረዳችሁት የሌላ ሞዴል ሪሴት ኮድ ግን አይሆንም። ወረቀቱንም ካሸሩ አጠገብ አትለጥፉ፣ ህፃን ልጅ እየተጫወተ ቢያስነብበው ስራችሁ ነው፣ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ።

«ኤክሴል ላይ ቁጥሩ ይቆራረጣል»

ስካነሩ ንፁህ ነው፣ ኤክሴል ነው። 12 ቁጥርና ከዛ በላይ ሲገባለት ነጥብና የመደመር ምልክት ወዳለበት አጭር አፃፃፍ ይቀይረዋል፣ ፊት ያለውን ዜሮም ይበላል። ስካን ከማድረጋችሁ በፊት ኮለመኑን መርጣችሁ ቴክስት አድርጉት። በፊት ነው ያልኩት፣ በኋላ ብትቀይሩት የተበላው ዜሮ አይመለስም።

«አንዱን ያነባል አንዱን አያነብም»

እዚህ ጋ መጀመሪያ ኮዱን ራሱን እዩት። የመድሃኒት ካርቶን ላይ ያለችው ነጠብጣብ የበዛባት ትንሽ አራት ማእዘን ባለ ሁለት አቅጣጫ ኮድ ናት፣ ቀይ መስመር ብቻ የሚያወጣ የሌዘር ስካነር እድሜ ልኩን ቢለፋ አያነባትም፣ ካሜራ ያለው መግዛት ነው። ሲያነባትም ረጅም ቁጥር ያመጣል፣ አትደንግጡ፦ ከ01 በኋላ ያለው 14 ቁጥር የእቃው መለያ ነው፣ ከ17 በኋላ ያለው 6 ቁጥር በፈረንጆቹ አመት፣ ወርና ቀን የሚያበቃበት ጊዜ ነው፣ ከ10 በኋላ ያለው ባች ነው። ይህን መለየት ያለበት ፕሮግራሙ ነው። ሌዘሩ የስልክ ስክሪን ላይ ያለ ባርኮድም አያነብም፣ ማኑዋሉን በስልክ ከፍታችሁ ሴት ለማድረግ የምትሞክሩ ፕሪንት አስደርጉት። ትልልቅ ካርቶን ላይ ያለው ባለ 14 ቁጥር ኮድ እምቢ ካለ ግን አይነቱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፣ ማኑዋሉ ላይ ይከፈታል።

ራሳችሁ ያተማችሁት ከሆነ፣ ማር ወይ በርበሬ እያሸጋችሁ የምትሸጡ ማለቴ ነው፣ በቀይ ቀለም የታተመ መስመር በስካነሩ ቀይ ብርሃን ስር ስለማይታይ በነጭ ላይ ጥቁር አድርጉት፣ ግራና ቀኙ ላይም ባዶ ነጭ ቦታ ተዉለት። ኮዱን 2 ብላችሁ ብትጀምሩት ጥሩ ነው፣ ከ20 እስከ 29 የሚጀምረው ለሱቅ ውስጥ አገልግሎት የተተወ ስለሆነ ከሌላ ፋብሪካ እቃ ጋር አይጋጭም። በሙቀት የሚታተመውን ስቲከር በሚያዝያ ፀሀይ መስኮት ላይ ደርድራችሁ ከሆነ ግን ፊቱን አይታችሁ ፍረዱ። ፀሀይ በር ላይ በቀጥታ የሚገባበት ሱቅም ስካነሩን ያስቸግረዋል፣ የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ ሲሆን እቃውን ትንሽ አዘንብሉት፣ የስካነሩን መስታወትም በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት።

ይሄ ሁሉ ተሞክሮ አሁንም ብልጭ እያለ የሚጠፋ ከሆነ እጀታው ስር ገመዱ የሚገባበትን ቦታ እያንቀሳቀሳችሁ እዩ። ብዙ ስካነሮች ላይ ገመዱ ለብቻው ይወጣል፣ አጠገቡ ባለች ቀዳዳ የተዘረጋ የወረቀት ክሊፕ ከታችሁ ገፋ እያደረጋችሁ ሳቡት፣ የተቆረጠው እሱ ከሆነ ገመድ ብቻ ግዙ።