ለሽጉጥ ጥይት ባሩድ ስትመርጡ

የሽጉጥ ጥይት ራሳችሁ መልሳችሁ የምትሞሉ ከሆነ፣ ባሩድ ስትመርጡ ከዋጋው በፊት ቀለሁ ውስጥ የሚይዘውን ቦታ እዩ።

.38 ስፔሻል የሚባለውን የሪቮልቨር ሽጉጥ ጥይት ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1898 ሲወጣ መጀመሪያ የሚሞላው በጥቁር ባሩድ ስለነበር ቀለሁ ረጅም ነው። እንደ ቡልስአይ ወይም ታይትግሩፕ ያለ ፈጣን (ቶሎ የሚነድ) ባሩድ ከታች ትንሽ ቦታ ይዞ ይቀራል። በስህተት ሁለቴ ቢጨመርም ቀለሁ አይሞላም። ሳታዩት ካለፈ ሽጉጡ እጃችሁ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ከግማሽ በላይ የሚሞላውን ምረጡ፤ ሁለተኛው ሲጨመር ገንፍሎ ይፈሳል፣ ወዲያው ይታወቃል።

አዎ፣ ፈጣኑ ይቆጥባል። አንድ ፓውንድ 7000 ግሬን ነው፤ ለስሌት ያህል በ4 ግሬን ቢሞላ 1750 ጥይት ይወጣዋል። ለጀማሪ ግን ይሄ ቁጠባ ይቅርበት ባይ ነኝ።

የባሩዱን ፍሬ ቅርጽም እዩ። ደቃቅና ድቡልቡሉ ከመስፈሪያው እኩል ይወርዳል። ትልልቁና ዝርግርጉ አንዳንዴ ጉሮሮው ላይ ይሰነቀራል፤ አንዱ ቀለህ ይጎድላል፣ ቀጣዩ ይበዛል።

መጠኑን ከባሩዱ አምራች ሰንጠረዥ ብቻ ውሰዱ። በመልክ ስለተመሳሰለ ብሎ መተካት የለም። ጠረጴዛው ላይም አንድ ዓይነት ባሩድ ብቻ ይኑር።