የአካባቢ ቴሌቪዥን አቅራቢ ለታካሚ የገንዘብ ድጋፍ ሲጠይቅ

የአካባቢ ቴሌቪዥን አቅራቢዎች ለማኅበረሰባቸው ከሚሰጧቸው አገልግሎቶች መካከል በይበልጥ የሚታወቀው፣ የሕክምና ወጪ ያጠረውን ሰው ከተመልካች ጋር ማገናኘት ነው። ተመልካቹ የማያውቀውን ታካሚ የሚረዳው አቅራቢውን አምኖ በመሆኑ፣ ይህን ፕሮግራም የሚያዘጋጁ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜዎን ለቀረጻው ሳይሆን ለማጣራቱ ይመድቡ።

ቤተሰቡ ወደ ጣቢያው ሲመጣ መጀመሪያ የሕክምና ማስረጃውን ይመልከቱ። ወደ ውጭ አገር መሄድ ያስፈልጋል ከተባለ፣ ሕክምናው በአገር ውስጥ እንደማይገኝ የሚገልጽ የሜዲካል ቦርድ ውሳኔ እንዲቀርብ ይጠይቁ፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሁሉ እውነተኛ ስላልሆነም፣ በታካሚው ፈቃድ ሆስፒታሉ ድረስ ሄደው ያረጋግጡ። ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ብዙዎች ይዘሉታል፤ ሕክምናው እዚሁ በነፃ ወይም በአነስተኛ ወጪ ይገኝ ይሆን? ለምሳሌ ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም በ2008 ዓ.ም. የኩላሊት ንቅለ ተከላ ጀምሯል። ወረፋው ሊረዝም ስለሚችል፣ ታካሚው መጠበቅ ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። አንዳንድ ጊዜ ጣቢያው ለሆስፒታሉ የሚጽፈው አንድ የትብብር ደብዳቤ ከብዙ መቶ ሺህ ብር ይልቅ ይጠቅማል፤ ለስርጭት የሚበቃ ነገር ባይኖረውም፣ በእኔ ግምት አቅራቢ ሊሠራው ከሚችለው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ገንዘቡ በአቅራቢው ወይም በጣቢያው ሠራተኛ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ በፍጹም መግባት የለበትም። ታካሚው ወይም ወላጁ፣ እድሩ ከመረጣቸው ሁለት ሰዎች ጋር በጋራ ፊርማ የሚያንቀሳቅሱት ሒሳብ ይከፈት። የሒሳብ ቁጥሩ በስክሪን ላይ ሲጻፍ የባለቤቱ ስም አብሮ ይታይ፤ ተመልካቹም ከመላኩ በፊት በስልኩ የሚመጣለትን ስም እንዲያመሳክር በቃል ይንገሩት፤ ፕሮግራሙ በተላለፈ ማግሥት ቁጥሩን ቀይረው በማኅበራዊ ሚዲያ የሚለጥፉ አጭበርባሪዎች አይጠፉምና። በውጭ የሚኖሩ ወገኖች ጎፈንድሚ በተባለው የኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ሊያሰባስቡ ሲነሡ፣ ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ ስለማይገባ፣ በዚያ አገር ሆኖ የሚቀበለው ሰው ማን እንደሆነ ቤተሰቡ በጽሑፍ ያስታውቅ።

ቃለ መጠይቁ አጭር ይሁን። ታካሚው ካልፈቀደ የበሽታው ስም አይጠራ። ልጅን ካሜራ ፊት አስቀምጦ ማስለቀስ ገንዘብ እንደሚያመጣ ይታወቃል፤ ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ይደነግጋል፤ ድኖ ትምህርት ቤት ሲመለስም ጓደኞቹ የሚያስታውሱት ያንኑ ምስል ነው። ወላጅ ቢፈቅድም እንኳ ፊቱን ሳያሳዩ ታሪኩን መንገር ይቻላል።

የተጠየቀው መጠን እንደሞላ ማሰባሰቡ መቆሙን በዚያው ፕሮግራም ያስታውቁ። ከዚያም የገባውን፣ ለሆስፒታል የተከፈለውንና የቀረውን በደረሰኝ አስደግፈው ለተመልካች ያቅርቡ። ገንዘብ ቢተርፍ፣ ወይም ታካሚው ሕክምናውን ሳያገኝ ቢያርፍ፣ ቀሪው ለማን እንደሚሰጥ ከመጀመሪያው ስርጭት በፊት በስምምነት ሰነድ ላይ ይጻፍ፤ ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ ይህን ተጠይቆ መልስ ሊሰጥ አይችልም።