ቤት የሚያቀዘቅዝ ዛፍ፦ የት፣ ምን፣ እንዴት እንትከል?

ድሬዳዋ የኖረ ሰው ልዩነቱን በቆዳው ያውቀዋል። ከዚራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ በዛፎቹ ሥር ዘና ብላችሁ ስትሄዱ ቆይታችሁ ዛፍ የሌለበት ሰፈር ስትገቡ ወላፈኑ ፊታችሁን ይመታችኋል። የሚገርመው፣ በሁለቱ ቦታዎች መካከል የአየሩ ሙቀት ያን ያህል አይራራቅም። የሚያቃጥለን በዋናነት ጨረሩ ነው፤ ከላይ ፀሐይ፣ ከጎን የጋለ ግንብ፣ ከታች አስፋልት። የዛፍ ጥላ ሦስቱንም ያበርዳል። በቅጠሉ የሚተነው ውሃም የራሱን ያግዛል። ስለዚህ ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት ጥላው የት እንደሚያርፍ አስቡ።

መጀመሪያ ምዕራቡን ያዙ። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ዝቅ እያለች የምዕራቡን ግድግዳ ፊት ለፊት ታገኘዋለች። ብሎኬቱ ሙቀቱን ጠጥቶ ያመሽና ሌሊት ወደ መኝታ ቤት ይለቀዋል፤ በላብ ተጠምቀን የምናድርበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ቀጥሎ ምሥራቁን። ኢንተርኔት ላይ «በደቡብ በኩል ትከሉ» የሚል ምክር ብታገኙ ለእኛ አልተጻፈም። ግንቦትና ሰኔ፣ ሙቀቱ በሚብስበት ጊዜ፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን ነች። ግቢያችሁ ጠባብ ከሆነ ደግሞ በር ላይ፣ መንገዱ ዳር ትከሉ፣ ጎረቤትንም አስተባብሩ፤ አንድ ዛፍ ቁጭ የሚባልበት ቦታ ይሰጣል፣ ተርታ ዛፍ ግን መንገዱን ሙሉ ያስጠልላል።

ከዛፍ የእኔ ምርጫ ኒም ነው። ድርቅ ይችላል፣ ጥላው ጥሩ ነው፣ ቶሎ ያድጋል። የድሬዳዋ ዛፍ የምንለው፣ ቀይ አበባ ያለው፣ እንደ ዣንጥላ ሰፍቶ ያምራል፤ ግን በበጋ ቅጠሉን ያራግፋል፣ ሥሩም ላይ ላዩን ስለሚሄድ ንጣፍ ያነሳል። ውሃ ካላችሁ ማንጎ ግሩም ነው። ዋርካና ሾላ ለአደባባይ እንጂ ለግቢ አይሆኑም፤ መሠረትና ቧንቧ ያበላሻሉ። ባሕር ዛፍ ይቅርባችሁ፤ ውሃ ይመጥጣል፣ ጥላው ግን ስስ ነው።

ትልቅ የሚሆነውን ዛፍ ከግድግዳ ቢያንስ 5 ሜትር አርቁት፣ የመብራት ገመድ ሥርም አትትከሉ። ጉድጓዱ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የላዩን አፈር ለብቻ አውጡና ከብስባሽ ጋር ቀላቅላችሁ መጀመሪያ እሱን መልሱ። ፕላስቲኩን ቀዳችሁ አውጡ፤ ከነፕላስቲኩ የሚቀብር ሰው ብዙ ነው፣ ሥሩ ታፍኖ ይቀራል። ዝናብ ሲገባ ትከሉ። ዙሪያውን በእሾህ እጠሩ፣ ፍየል ለችግኝ አይመለስም። ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት በጋ ነው ወሳኙ። ብዙ ችግኝ የሚሞተው በተተከለበት ቀን የነበረው ሰው ሁሉ ስለሚጠፋ ነው፤ ስለዚህ ማን እንደሚያጠጣ ከመትከላችሁ በፊት ተነጋገሩ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከመርጨት በሳምንት ሁለቴ በደንብ ማጠጣት ይሻላል፣ ሥሩ ወደ ታች እንዲወርድ። የልብስ እጣቢውን ውሃ፣ በረኪና ከሌለበት፣ ለዚህ ተጠቀሙበት። ሥሩን በደረቅ ሣር ሸፍኑት።

ዛፉ ሲያድግ የታችኛዎቹን ቅርንጫፎች ከሰው ቁመት በላይ እስኪሆን ቀስ በቀስ ቁረጡ። ጥቅጥቅ ብሎ መስኮት ላይ ከቆመ ነፋሱን ይዘጋል፤ ነፋስ ያጣ ጥላ ደግሞ ያፍናል።