ሙቀቱን ውጪ አስቀሩት፣ የመብራት ቢሉም ይቀንሳል

ባለፈው በጋ የመብራት ቢል ሲመጣ መጀመሪያ የጎረቤት ቢል ተሳስቶ እኛ ጋ የመጣ ነበር የመሰለኝ። ኤሲው ቀኑን ሙሉ ይሰራል፣ ፋኑም ይዞራል፣ ማታ ግን ያው ላብ በላብ ነን። ቀስ ብዬ ሳየው ለካ ኤሲው አይደለም ያነሰው፣ እኔው በመስኮት ሙቀት እያስገባሁ ያንኑ ሙቀት መልሼ በገንዘብ እያስወጣሁ ነበር።

ስለዚ መጀመሪያ መስኮቱን ያዙ። የፀሀይ ብርሀን በመስታወት አልፎ ወለሉንና ሶፋውን ያሞቃል፣ ከነሱ ሚወጣው ሙቀት ግን በመስታወቱ እንደገባው በቀላሉ አይወጣም፣ እዛው ይታፈናል። ፀሀይ ላይ የቆመ መኪና ስትገቡ ሚያቃጥላችሁ በዚው ምክንያት ነው። መጋረጃ ከውስጥ መዝጋት ይረዳል፣ ግን ፀሀይዋ መጋረጃው ጋ ስትደርስ መስታወቱን አልፋለች፣ መጋረጃው ራሱ ይግልና ሙቀቱን ወደ ክፍሉ ይለቀዋል። ከውጪ መጋረድ በጣም ይበልጣል፣ ሸራም ይሁን የእንጨት መዝጊያም ይሁን ሀረግ። እኔ ነጣ ያለ ሸራ ከመስኮቱ በላይ አስሬ የታችኛውን ጫፍ በገመድ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አራቅኩት፣ መሀሉ ላይ አየር እንዲያልፍ ማለት ነው፣ ከተለጠፈ ሙቀቱን እዛው ይዞ ይቀራል። በነጋታው ከሰአት መስታወቱን በመዳፌ ስነካው ለብ ያለ ነበር፣ በፊት እኮ እጅ አያስቀምጥም።

ሁሉም መስኮት እኩል አይደለም ታዲያ። የምስራቁ ጠዋት ነው ሚመታው፣ የምዕራቡ ከሰአት። ምዕራቡ ይብሳል ምክንያቱም ፀሀይዋ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ስለምትገባ ጣሪያው ወጣ ያለ ቢሆንም አይከልላትም፣ በዛ ላይ ቤቱ በዛን ሰአት አስቀድሞ ሞቋል። ገንዘባችሁ ለአንድ መስኮት ብቻ ከበቃ ሳታመነቱ ምዕራቡን ጋርዱ።

ቀጥሎ መክፈትና መዝጋት። ብዙ ሰው ሚሳሳተው እዚ ጋ ነው፣ ሲሞቀው ይከፍታል። ከቀኑ 8 ሰአት መስኮት ስትከፍቱ እኮ የውጪውን ግለት ግባ እያላችሁት ነው። ህጉ አንድ ነው፣ ውጪው ከውስጡ ሲቀዘቅዝ ክፈቱ፣ ውጪው ሲበልጥ ዝጉ። ርካሽ ቴርሞሜትር ሁለት ግዙና አንዱን ውስጥ አንዱን ውጪ ጥላ ላይ አድርጉ፣ ፀሀይ ላይ ካደረጋችሁት ይዋሻል። እኛ ቤት ጠዋት 3 ሰአት ተኩል ገደማ ውጪው ውስጡን ያልፈዋል፣ ከዛ በፊት መስኮትም መጋረጃም ይዘጋል። መጀመሪያ ቀን ባለቤቴ «እቶን ውስጥ ልትዘጋን ነው እንዴ» ብላኝ ነበር፣ 9 ሰአት ላይ ሁለቱን ቴርሞሜትር አጠገብ ላጠገብ አሳየኋት፣ ከዛ ወዲህ ቀድማኝ ምትዘጋው እሷ ናት።

ማታ ደሞ ተቃራኒው። ከምሽቱ 3 ሰአት ላይ እጃችሁን ፀሀይ ሲመታው በዋለው ግድግዳ ላይ ከውስጥ በኩል አድርጉ፣ ይሞቃል። ብሎኬትና ኮንክሪት ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ነው ሚተፋው፣ ስለዚ ለግማሽ ሰአት ከፍቶ መዝጋት አየሩን እንጂ ግድግዳውን አያቀዘቅዘውም፣ እስኪነጋ መከፈት አለበት (የትንኝ ወንፊት አድርጉ፣ ምድር ቤት ከሆናችሁ ደሞ ፍርግርግ የሌለውን መስኮት ከፍታችሁ እንዳትተኙ)። አየር እንዲያልፍ መግቢያም መውጫም ይፈልጋል፣ አንድ መስኮት ብቻ ቢከፈት እምብዛም ነው፣ ፊት ለፊት ያለውን በርም ክፈቱለት። ፎቅ ካላችሁ ከታች አንድ ከላይ አንድ ክፈቱ፣ ሞቃት አየር ወደላይ ስለሚወጣ ራሱ ይስባል። ንፋስ ከሌለ ፋኑን መስኮቱ ጋ ፊቱን ወደ ውጪ አዙሩት፣ የሞቀውን ሲያስወጣ ቀዝቃዛው በሌላው መስኮት ይገባል። ሞኝነት ይመስላል ግን ሞክሩት።

ፋን ክፍል አያቀዘቅዝም! ሰውን ነው ሚያቀዘቅዘው፣ ላባችሁን ስለሚያደርቅ። ሰው በሌለበት ክፍል ሚዞር ፋን በሞተሩ ሙቀት ይጨምራል እንጂ ምንም አይሰራም፣ ስትወጡ አጥፉት። ወጪው ግን ቀላል ነው፣ የጣሪያ ፋን ከ50 እስከ 75 ዋት ነው ሚፈልገው፣ ኤሲ ግን 1,500 ዋት ገደማ ሊወስድ ይችላል። 50 ዋቱ 10 ሰአት ቢሰራ ግማሽ ኪሎዋት ሰአት ነው፣ ኤሲው ሳያርፍ ቢሰራ 15። ያው ኤሲ ሲቀዘቅዝ ያርፋል ምናምን፣ ቢሆንም ልዩነቱ ይታያችኋል። ሁለቱን ሳዋህድ ነው ለኔ የተመቸኝ፣ ኤሲውን 26 ላይ አድርጌ ፋኑን ከፍቼ፣ 24 ላይ እንዳለሁ ነው ሚሰማኝ። አንድ ነገር ግን፣ ክፍሉ ከ35 ዲግሪ በላይ ከሆነ አየሩ ከቆዳችሁ ይሞቃል፣ ያኔ ፋን ብቻውን አይታመንም፣ በተለይ ለሽማግሌና ለህፃን፣ ቆዳውን በውሃ ማርጠብ ወይ ወደ ቀዝቃዛ ቦታ መውሰድ ነው። በሙቀት ውስጥ የቆየ ሰው ግራ ከተጋባ ወይ ንግግሩ ከተወላገደ ቀልድ አይደለም፣ ሀኪም ጋ።

ኤሲ ያላችሁ ደሞ 16 ላይ ማድረግ ቶሎ ያቀዘቅዛል የሚለውን ተዉት። የሞተሩ ፍጥነት የማይለዋወጥ ኤሲ (ኢንቨርተር ያልሆነው) 16 ብትሉትም 25 ብትሉትም ሚያወጣው ቅዝቃዜ ያው ነው፣ 16 ካላችሁት ሚለየው አለማቆሙ ብቻ ነው። ፊልተሩንም በሙቀት ወቅት ቢያንስ በወር አንዴ አውጥታችሁ እጠቡት፣ ሳይደርቅ አትመልሱት። እኔ አንዴ አላቀዘቅዝ ሲለኝ ባለሙያ ጠርቼ «ጋዝ አልቋል» ተብዬ ከፍያለሁ፣ በሳምንቱ ተመልሶ ያው ሆነ፣ ስከፍተው ፊልተሩ ላይ ያለው አቧራ ብርድ ልብስ ይወጣዋል። ከቤት ውጪ ያለው የኤሲው ክፍልም ዙሪያው በካርቶንና በእቃ ከታፈነ ሙቀቱን ሚጥልበት ስለሌለው ትርፉ መድከም ነው።

እርጥብ ጨርቅ መስኮት ላይ መስቀልስ? አየሩ ደረቅ ከሆነ ይሰራል፣ በደንብ ይሰራል፣ 1 ሊትር ውሃ ተንኖ ሲያልቅ 0.7 ኪሎዋት ሰአት የሚጠጋ ሙቀት ይወስዳል። አየሩ እርጥብ የሆነበት አካባቢ ግን ጨርቁ አይደርቅም፣ ቤቱን እንፋሎት ቤት ነው ምታደርጉት። ፍሪጅ ከፍቶ ፊቱ መቀመጥን ግን እርሱት፣ ፍሪጅ ከውስጥ ያወጣውን ሙቀት ከጀርባው እዛው ክፍል ነው ሚለቀው፣ ሞተሩም ሲጨመርበት ክፍሉ ይብስ ይሞቃል። በረዶ ፋን ፊት ማድረግም እንደዛው፣ በረዶው እዛው ቤት ከተሰራ።

ትንንሾቹን ቶሎ ልበል፣ የድሮ አምፖል ካላችሁ በኤልኢዲ ቀይሩ፣ የድሮው ከሚበላው አብዛኛው ብርሀን ሳይሆን ሙቀት ነው ሚሆነው። ረጅም ሰአት ሚበስል ነገር ጠዋት በማለዳ ወይ ማታ፣ ክዳን አድርጋችሁ።

የራሳችሁ ቤት ከሆነና ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ትልቁ ስራ እዛ ነው። ጣሪያውን ነጭ ቀለም መቀባት፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መሀል ያለው ሙቀት ሚወጣበት ቀዳዳ መተው፣ አቅም ካለ ደሞ ኮርኒሱ ላይ ሙቀት ሚከላከል ነገር ማንጠፍ። ተከራይ ከሆናችሁ አከራዩን ለቀለሙ ጠይቁት፣ ቆርቆሮውም ከዝገት ስለሚድን እሺ ሊል ይችላል።

ለውጥ መኖሩን ለማየት ቢል አትጠብቁ፣ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ሁሌ በተመሳሳይ ሰአት ቆጣሪውን አንብባችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙት፣ የዛን ቀን ውጪው ስንት ዲግሪ እንደነበረም ጎኑ ፃፉ። 34 ዲግሪ የነበረውን ቀን ከሌላ 34 ዲግሪ ቀን ጋር ነው ምታወዳድሩት፣ ዝናብ የጣለ ቀን ቀነሰልኝ እንዳትሉ።