አዲስ ግራፊክስ ካርድ ከመግዛቴ በፊት ያደረግሁት ፍተሻ
ጎንደር ውስጥ ቤቴ የምጫወትበት ኮምፒውተር ጨዋታ መሐል ደጋግሞ እየተንቀራፈፈ ስላስቸገረኝ፣ በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለገበያ የቀረበው ባለ 6 ጊጋባይቱ ጂቲኤክስ 1060 ግራፊክስ ካርዴ (በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ምስል የሚስለው ክፍል) ጊዜው አልፎበታል ብዬ ለአዲስ ካርድ ገንዘብ ማጠራቀም ጀምሬ ነበር።

ሆኖም ጥፋቱ በእርግጥ የካርዱ መሆኑን ለማወቅ የጨዋታውን የምስል ጥራት ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ዝቅ አደረግሁት። ካርዱ የሚስላቸው ነጥቦች ከግማሽ በታች ስለሚወርዱ፣ ችግሩ የእርሱ ቢሆን ኖሮ በሴኮንድ የሚታየው የምስል ብዛት በግልጽ መጨመር ነበረበት፤ ከ45 ግን ፈቀቅ አላለም። የኮምፒውተሩ ክፍሎች ምን ያህል እየሠሩ እንደሆነ የሚያሳየውን የዊንዶውስ ፕሮግራም፣ ታስክ ማናጀርን ስከፍተው ካርዱ ከአቅሙ 55 በመቶ ያህሉን ብቻ ሲሠራ፣ ባለ 8 ጊጋባይቱ ብቸኛ ራም (ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ ያለ መረጃ ለጊዜው የሚያስቀምጥበት ማህደረ ትውስታ) ግን እስከ አፉ ሞልቷል። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን መረጃ እጅግ ወደሚዘገየው ዲስክ ስለሚያዛውር መንቀራፈፉ ከዚያ የመጣ ነበር።

ተመሳሳይ ፍጥነት ያለው ሌላ 8 ጊጋባይት ራም ገዝቼ፣ ሁለቱ በጥምር እንዲሠሩ የማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) መመሪያ በሚያዝዘው ቀዳዳ ሰካሁት። በዚያው አጋጣሚ በበጋው አቧራ የተሸፈነውን የካርዱን ማራገቢያ በቀለም ብሩሽ ጠረግሁ፤ ይህን አስቀድሜ አለማድረጌ ያሳፍራል። አሁን በ1920 በ1080 ጥራት 70 ምስል በሴኮንድ ይሰጠኛል።

ካርዱን የምቀይረው፣ የጨዋታው ቅንብር ዝቅ ብሎም እንኳ ካርዱ 100 በመቶ ገደማ እየሠራ በሴኮንድ የሚታየው የምስል ብዛት ከ60 በታች ሲወርድ ነው፤ ያኔም አስቀድሜ የማየው ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኤሌክትሪክ የሚያቀርበው ፓወር ሰፕላይ ስንት ዋት እንደሚችል ይሆናል።